ዓይኑን ማን ሣለው?
(ስለ እንቁጣጣሽ ሥዕል)

ይህ ጽሑፍ በአሳይመንት ተጀምሮ ከአሳይመንቱ በላይ የረዘመ ነው። ታገሡኝና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ሴሚስተር አንድ መምህራችን ስለ ገላጭ ጽሑፍ አዘገጃጀት ሲያስተምሩን አጭር ዶክመንተሪ ፊልም አሳዩን። ፊልሙ ሕንድ አገር፣ ኮልካታ ከተማ ውስጥ፣ ኩማርቱሊ በሚባል የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር የተቀረፀ ነው። ሰዎቹ ዱርጋ ፑጃ ለሚባለው የሂንዱ በዓል ዱርጋ የምትባለዋን እንስት አምላካቸውን ምስል ይሠራሉ። ቀርከሃና ጭድ አስረው አጽሙን ያቆማሉ፤ ከወንዝ ዳር ያመጡትን ጭቃ ይለስኑበታል፤ ያደርቁታል፤ ከዚያ ቀለም ይቀቡታል። ዱርጋ አንበሳዋን ይዛ፣ ጎሽ መስሎ የመጣውን ጋኔን በጦር ስትወጋ ነው የሚሠሯት። የምስሏን ዓይን የሚሥሉት ግን መጨረሻ ላይ ነው። ለዓይኑ የተለየ ቀን አለው። ዓይኑ እስኪሣል ድረስ ያ ሁሉ ሥራ ጭቃ ነው፤ ዓይኑ ሲሣል ነው በዓሉ ደረሰ የሚባለው።

ከዚያስ? በዓሉ ሲያበቃ ያንን ሁሉ የተለፋበትን ምስል በሆታና በከበሮ ተሸክመው ሄደው ወንዝ ውስጥ ይከቱታል። ጭቃው ወደ ጭቃነቱ ይመለሳል።

"ጉድ እኮ ነው! ይህን ሁሉ ለፍተው ውሃ ውስጥ?" አለ ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ። ክፍሉ ሳቀ። መምህራችን ግን አልሳቁም። "እስቲ እናንተም በየሰፈራችሁ ለበዓል ተብሎ በእጅ የሚሠራ፣ ከበዓሉ በኋላ የማይቆይ መንፈሳዊ ሥዕል ወይም ቅርጽ ካለ ፈልጉና ጻፉ። የልጁን ጥያቄም መልሱ" አሉን።

አንዳንዱ ደመራ አለ። ሌላው ለጥምቀት መንገዱን በባንዲራ ስለማስጌጥ ልጻፍ አለ። እኔ ዝም አልኩ። ማታ ቤት ገብቼ ቡና ሲፈላ ነው ድንገት ትዝ ያለኝ። ለካስ እኔ ራሴ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ድረስ እንዲህ ያለውን ነገር ስሠራ ነው ያደግኩት! ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ እናቴ በረንዳ ላይ። የእንቁጣጣሽ ሥዕል።

ምን ዓይነት ሥዕል ነው?

ከክፍለ ሀገር የመጣችሁ ወይም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደጋችሁ ላታውቁት ስለምትችሉ ትንሽ ላብራራ። መስከረም 1 ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ወይም በቅዱስ ዮሐንስ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ልጆች ሁለት ሥራ ነበራቸው። ሴቶቹ አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው "አበባየሆሽ" እያሉ ይዘፍናሉ። ወንዶቹ ደግሞ ቀደም ብለው በወረቀት ላይ የሣሉትን ሥዕል ይዘው በጠዋት በየቤቱ ያንኳኳሉ። "እንኳን አደረሳችሁ!" ይላሉ፤ ሥዕሉን ይሰጣሉ። የቤቱ ሰው ሥዕሉን ተቀብሎ ሳንቲም ወይም ድፎ ዳቦ ይሰጣል፤ ይመርቃል። በቃ ይኸው ነው።

ሥዕሉ ላይ ምን አለ? አብዛኛውን ጊዜ ቅዱሳን ናቸው። ማርያም ልጇን ታቅፋ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መሐል። አቅም ለሌለው ጀማሪ ልጅ ደግሞ ክብ ፊትና ሁለት ክንፍ ብቻ ያለው መልአክ አለ። ከቅዱሳኑ ሌላ ፀሐይ፣ መስቀል፣ አደይ አበባ ይሣላል።

እኔ ሴት ነኝ። በሰፈራችን ልጆች ሕግ የኔ ቦታ አበባየሆሽ ውስጥ ነበር። "ሴት ትዘፍናለች እንጂ አትሥልም" ብለው ሁለት ዓመት አባረሩኝ። በኋላ ግን ታላቅ ወንድሜ ችግር ገጠመው። ፈረሱን፣ ዘንዶውን፣ ልብሱን ሁሉ አሳምሮ ይሥላል፤ ዓይን ሲደርስ ግን ያበላሻል። አንዱ ዓይን ትልቅ አንዱ ትንሽ ይሆንበታል፤ ጊዮርጊስ የሚጠቅስ ይመስላል። አንድ ቀን ተናዶ ወረቀቱን ሲተወው እኔ አንስቼ ዓይኑን ሣልኩለት። ከዚያ ጀምሮ ሥራዬ ታወቀ። ወንዶቹ ነድፈው፣ ቀለም ቀብተው ያመጡልኛል፤ እኔ በረንዳው ጥግ ተቀምጬ ዓይን እሥላለሁ። አንድ ክረምት ከሰላሳ በላይ ጥንድ ዓይን ሥያለሁ። ጠዋት ላይ ከሴቶቹ ጋር ዘፍኜ፣ ከሰዓት ከወንዶቹ ጋር ሳንቲም ተካፍያለሁ!

እንዴት ይሠራ ነበር?

መጀመሪያ ገንዘብ ያስፈልጋል። የቀለም ገንዘብ የሚገኘው ከቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ቀን ልጆቹ ሆያ ሆዬ ብለው ያገኙትን ሳንቲም ይቆጥሩና ከፊሉ ለከረሜላ፣ ከፊሉ ለውሃ ከለር ይመደባል። የእንቁጣጣሹ ገቢ ደግሞ ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛበታል፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነዋ! አያችሁ፣ አንዱ በዓል ሌላውን በዓል ይደግፋል።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ካለፈው ዓመት ደብተር ያልተጻፈበት ገጽ እየተለየ ይገነጠላል። መስመር ያለው ወረቀት ደካማ ሥዕል ነው የሚያወጣው፤ ነጭ ወረቀት ያገኘ ልጅ ያን ቀን ንጉሥ ነው።

ሦስተኛው መንደፍ ነው። ማንም ልጅ ከጭንቅላቱ አይነሳም። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የታተመ ሥዕል ወይም የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አለ። ወረቀቱ በዘይት ይታሽና ብርሃን ያሳልፋል፤ ሥዕሉ ላይ ይደረብና በእርሳስ ይገለበጣል። ያ የተገለበጠው ለዓመታት ያገለግላል። ከትልቅ ልጅ ወደ ትንሽ ልጅ ይወርሳል። ወንድሜ የነበረው የጊዮርጊስ ንድፍ ጦር ሠራዊት ከተቀላቀለ ጎረቤታችን የተወረሰ ነበር።

አራተኛው ሐረግ ነው። በብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ እንደሚታየው እየተጠላለፈ የሚሄደው ጌጥ ሐረግ ይባላል። ልጆቹም በሥዕሉ ዙሪያ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ክፈፍ ይሥላሉ፤ ሐረግ የሌለው ሥዕል "ራቁቱን ነው" ይባል ነበር።

አምስተኛው ቀለም ነው። ብሩሽ ከሌለ ክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ይጠቀለላል። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ቀዩ ነው። የማርያም ቀሚስ ቀይ፣ የጊዮርጊስ ካባ ቀይ፣ የመልአኩ ክንፍ ጫፍ ቀይ፣ ሐረጉም ቀይ ይፈልጋል። ቢጫው ሲያልቅ አደይ አበባ ወረቀት ላይ ይታሻል፤ አረንጓዴው ሲያልቅ ሣር። ጥቁሩን ከሰል ይሸፍነዋል። የቆሎ ተማሪዎችና የቁም ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸውን ከጥቀርሻ ያዘጋጁ እንደነበር ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው፤ እኛ ግን ምንም ሳናውቅ ወደዚያው መንገድ ገብተናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጳጉሜን 3 ቀን ቅዱስ ሩፋኤል ነው። በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ልጅ ሁሉ ራቁቱን ይወጣል። እኛ ከዝናቡ በጣሳ እናስቀርና ቀለሙን የምንበጠብጠው በዚያ ውሃ ነበር። ቄስ አስፈቅደን አይደለም። ብቻ ሥዕሉ የተለየ የሚሆን ይመስለናል።

ስድስተኛው ጽሑፉ ነው፦ "እንኳን አደረሳችሁ" እና ዓመተ ምሕረቱ። መጨረሻው ዓይን ነው። ዓይን በእርሳስ አይሞከርም፤ በእስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው። ከተበላሸ ወረቀቱ ሁሉ ተበላሸ። ለዚህ ነው የዱርጋን ዓይን ሥዕል ፊልሙ ላይ ሳይ ወንበሬ ላይ ቀና ያልኩት።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ?

ለአሳይመንቱ ብዬ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሄድኩ። ቤቱ የቀድሞው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። እዚያ ያሉትን የእንጨት ላይ ጥንታዊ ሥዕሎች ሳይ ሥዕሎቹን የማውቃቸው መሰለኝ። የጌጃ ሰፈር ሕጎች ሁሉ እዚያ አሉ።

አንደኛው የዓይን ሕግ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉው፣ አሳዳጁ፣ ሰይጣኑ ግን በጎን ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ወንድሜ ለኔ ሲያስተምረኝ "ዘንዶው ላይ አንድ ዓይን በቂ ነው" ብሎኝ ነበር። እኔ ቀለም ለመቆጠብ መስሎኝ!

ሁለተኛው የማርያም ሥዕል ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ30 በላይ የማርያም በዓላት እንዲከበሩ አድርገዋል፤ የእመቤታችን ሥዕልም በዘመናቸው እጅግ ተስፋፋ። በዚያው ዘመን የኖረው ፍሬ ጽዮን የሚባለው ሠዓሊ ስሙን የጻፈበት ሥራ ጣና ሐይቅ ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ነው። እኛ ዘወትር የምንገለብጣት ማርያም፣ እጆቿን አጣምራ፣ መሐረብ ይዛ፣ መጽሐፍ የያዘ ሕፃን ልጇን ያቀፈችው፣ በግእዝ "ምስለ ፍቁር ወልዳ" ትባላለች። ከተወደደ ልጇ ጋር ማለት ነው። የዚህች ሥዕል አቀማመጥ የመጣው ከሮም ነው። ሮም ውስጥ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በተባለች ቤተ ክርስቲያን አንዲት ጥንታዊ የማርያም ሥዕል አለች። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን የዚህችን ሥዕል ቅጂዎችና ኅትመቶች በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በዓለም ዙሪያ አሰራጩ። ወደ ሕንድ ሄደች፤ ወደ ቻይና ሄደች፤ ወደ እኛም አገር ገባች። በአፄ ፋሲል ዘመን ሚስዮናውያኑ ተባረሩ። ሥዕሏ ግን አልተባረረችም! ሠዓሊዎቻችን ከኅትመቱ እየገለበጡ፣ የኛን ትልልቅ ዓይን እየሰጧት፣ ሚካኤልና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው በግራና በቀኝ እያቆሙላት የራሳቸው አደረጓት። ዛሬ ማንም ሰው ሲያያት የሮም ናት አይልም።

እንግዲህ አስቡት። መገልበጥ ነውር አይደለም። አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሠዓሊዎቻችን ኅትመትን እያዩ በእጅ ገልብጠዋል። እኛም ካላንደር እያየን ስንገለብጥ የነሱን ሥራ ነው የሠራነው። ቁም ነገሩ የታተመው ነገር በሰው እጅ አልፎ ሌላ ሥዕል ሆኖ መውጣቱ ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ያሉት ከመቶ በላይ ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች እንኳ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ሠዓሊው እያንዳንዱን ፊት እንደገና ሥሏል።

ሁለት ክምር

ጌጃ ሰፈር ድብልቅ ሰፈር ነው። ኦርቶዶክሱ አለ፣ ሙስሊሙ አለ፣ ጴንጤው አለ፤ የጌጃ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ናት። ታዲያ የማርያምን ሥዕል ይዘህ የሁሉንም በር ታንኳኳለህ?

አታንኳኳም። ጳጉሜን 5 ቀን ማታ ሥዕሎቹ በሁለት ክምር ይለያሉ። አንደኛው የቅዱሳን፣ ሁለተኛው የፀሐይና የአበባ። ወንድሜ በጣቱ እየቆጠረ የሰፈሩን ቤቶች ይዘረዝራል፦ "እነሱ ጋ አበባ፣ እነሱ ጋ ሚካኤል፣ ሐጂ ጋ ፀሐይ።" የምንላቸው አንድ ሙስሊም አባት ነበሩ፤ ፀሐይ ነው የሚወዱት። በየዓመቱ "ዘንድሮ ፀሐይዋ ስንት ጨረር አላት?" ብለው ይቆጥሩና እንደ ጨረሩ ብዛት ይከፍላሉ። ወንድሜ አንድ ዓመት አርባ ጨረር ሣለላቸው። ሳቁና በጨረር መክፈሉን ከዚያ ዓመት ጀምሮ ተዉት።

አንዲት ጴንጤ ጎረቤታችን ደግሞ ልጆቻቸው ከእኛ ጋር እንዲሥሉ ይፈቅዱ ነበር፤ ግን አበባ ብቻ። ስለዚህ የአበባው ክምር የነሱ ልጆች ሥራ ነበር። ከሁላችንም በላይ አደይ አበባ የሚሥል ልጅ ከነሱ ቤት ወጣ።

ያኔ ይህ ምንም አይመስለኝም ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሥዕሉ ከመሣሉ በፊት የማን ቤት እንደሚሄድ ይታወቃል። ተክለ ሃይማኖትን የምንሥለው በስማቸው ማኅበር ለሚጠጡት ለእገሊት ቤት ነው። ገብረ መንፈስ ቅዱስን የምንሥለው አቦን ለሚዘክሩት ለእገሌ ቤት ነው። አንድ ልጅ ሠላሳ ሥዕል ሲሥል ሠላሳ ቤት ያውቃል ማለት ነው፤ ማን ምን እንደሚወድ፣ ማን በምን እንደሚያምን፣ ማን ዘንድሮ ሐዘን ላይ እንደሆነ። ሐዘን ላይ ላለ ቤት ቀይ አይበዛበትም ነበር።

የፎቶ ኮፒው ዓመት

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። 2009 ዓ.ም. ሲገባ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ ብሎ መሣሉን ትቷል። ሥራው በእኔና በሁለት ልጆች ላይ ወደቀ። ጊዜ አጠረን። ከመካከላችን አንዱ "ለምን ፎቶ ኮፒ አናደርገውም?" አለ። ብልህ መስሎን ተደሰትን። አንዲት ማርያም አሳምሬ በጥቁር እስክሪብቶ ሣልኩ፤ ዓይኗም በጣም አማረ። ወስደን አንዱን ቅጠል በአንድ ብር ስልሳ አስገለበጥን። ቀለም በማርከር ሞነጫጨርንበት። በአንድ ከሰዓት አለቀ። መስከረም 1 ቀን በታሪካችን አይተን የማናውቀውን ገንዘብ ሰበሰብን።

በሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ፤ እማማ ነው የምንላቸው። ቤታቸው የጭቃ ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በጋዜጣ የተለበደ ነው። ባይገርማችሁ በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ጋዜጣ የእማማ ግድግዳ ነው። እኛ የምንሰጣቸውን ሥዕል በየዓመቱ በዱቄት ሙጫ ከአልጋቸው በላይ ይለጥፉታል።

ያን ዓመት ሥዕሉን ተቀብለው ወደ ብርሃን ወጡና ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ዓይኑን ማን ሣለው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ እማማ።"

"ይችን ራሷን?"

"አይ... አንዷን ሣልኩ። ሌላውን ማሽን ነው ያወጣው።"

"እሱን እኮ ነው የምል። ቅድም እነ እትዬ ቤት ያየኋት ማርያም ናት ይቺ።"

ብር ሰጡኝ። መረቁኝም። ከሌላው ዓመት የጎደለ ነገር አልነበረም። እኔ ግን ብሩ እጄ ላይ ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ ለእንቁጣጣሽ አልሣልኩም። የሚገርመው ማንም "ለምን ተዋችሁ?" አላለንም። በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ልጆች የታተመ ፖስት ካርድ ገዝተው መጡ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእማማ መደዳ ለልማት ተነሳ። እማማም ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ዕቃ ልናግዝ የሰፈር ልጆች ሄድን። እማማ ጨርቅ በውሃ እያራሱ ከአልጋቸው በላይ ያለውን ሥዕል ሲያላቅቁ አገኘኋቸው። አንዱ ሲነሳ ከሥሩ ሌላ አለ። የኔ ዓይን ያለባቸው ላይ ናቸው፤ ከሥር የወንድሜ የሚጠቅሰው ጊዮርጊስ አለ፤ ከሱ ሥር እኔ የማላውቃቸው ልጆች የሣሏቸው፤ ከሁሉም ሥር ጋዜጣው። አንዳንዱ እርጥበት በልቶት ከጋዜጣው ጋር ተላጠና ዓይን ብቻ ቀረ።

"የዛን ዓመቷስ ማርያም የታለች እማማ?" አልኳቸው እያፈርኩ።

"እሷንማ አልለጠፍኳትም። ቅዱስ ሥዕል ደግሞ አይጣልም ብዬ ከመብራት ደረሰኙ ጋር አስቀመጥኳት" አሉኝ።

የልጁ ጥያቄ መልስ

እንግዲህ ወደ ክፍላችን እንመለስ። "ይህን ሁሉ ለፍተው ውሃ ውስጥ?" ላለው ጓደኛችን የኔ መልስ ይኸውላችሁ።

በእኔ እምነት ውሃ ውስጥ መግባቱ ነው ሙያውን ያቆየው። የኮልካታዋ ዱርጋ ከነሐስ ተሠርታ ለዘለዓለም ብትቆም ኖሮ በቀጣዩ ዓመት የኩማርቱሊ ሠዓሊ ሥራ ፈት ነበር፤ ልጁም ጭቃ መለሰን አይማርም ነበር። በየዓመቱ ስለምትጠፋ በየዓመቱ የሚሠራት እጅ ያስፈልጋል። በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ ደግሞ ሴቶች በየማለዳው ደጃፋቸው ላይ በሩዝ ዱቄት ኮላም የሚባል ጌጥ ይሥላሉ፤ ማታ እስኪሆን ሰው ይረግጠዋል፣ ጉንዳን ይበላዋል። በነጋታው እንደገና ይሣላል። ሴት ልጅ ከእናቷ የምትማረውም ስለዚህ ነው።

የእንቁጣጣሽ ሥዕልም እንዲሁ ነው። በዱቄት ሙጫ ይለጠፋል፤ ክረምቱ ያረጥበዋል፤ ዓመት ሲዞር ሌላ ይደረብበታል። በየዓመቱ አዲስ ሥዕል ስለሚፈለግ በየዓመቱ አንድ አዲስ ልጅ እስክሪብቶ ይይዛል። ሥዕል ለመማር ትምህርት ቤት አለ፤ በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ይህኛው ግን በረንዳ ላይ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ነው። መምህሩ አሥራ ሦስት ዓመቱ፣ ተማሪው ሰባት ዓመቱ ነው። የታተመው ካርድ ሲመጣ የተዘጋው ይኸው ትምህርት ቤት ነው። ካርዱ አያረጅም፣ አይሳሳትም፣ ማንንም አያስተምርም።

ሁሉንም ጥፋት በማሽን ላይ መጣል ግን ልክ አይመስለኝም። እኛ ፎቶ ኮፒ ያደረግነው ቤቶቹን ማወቅ ስለሰለቸን ነው። ስልሳ አንድ ዓይነት ማርያም የሚያስፈልገው የማን ቤት እንደሚሄድ ለማያስብ ሰው ነው። ሰፈሩም ተበተነ፤ ግማሹ ጀሞ፣ ግማሹ ሌላ ኮንዶሚኒየም ሄደ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት አበባ ይወድ ይሆን ሚካኤል ማን ያውቃል? ክምሩን በሁለት መለየት የሚቻለው ጎረቤትን ለሚያውቅ ልጅ ብቻ ነው።

ምን እናድርግ?

ዱርጋ ፑጃን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የኛም መስቀል እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥምቀት ደግሞ በ2019 ተመዝግበዋል። ደስ ይላል። የልጆች ሥዕል ግን መዝገብ አይጠብቅም፤ አንድ ወረቀትና አንድ ታናሽ ልጅ ይበቃዋል።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን። ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ አያት ወይም አክስት ቤት ስትሄዱ ግድግዳውን ተመልከቱ። አሮጌ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ካለ አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሱት፤ ማን እንደሣለው፣ በየት ዓመት እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ። ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ መረጃው የለም። ሁለተኛ፣ ጳጉሜን ሲመጣ ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን አስቀምጡና አንድ ብቻ አስጀምሩ። ሴት ከሆነች ደግሞ "አትሥልም" የሚል ካለ እኔን ጥሩኝ!

እኔ ጀምሬያለሁ። ይህን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ሳለ የወንድሜን ልጅ ጊዮርጊስ እንዲሥል አስቀመጥኩት። ስድስት ዓመቱ ነው። ፈረሱ ውሻ መሰለ፤ ዘንዶው ገመድ መሰለ። ዓይን ጋ ሲደርስ ቆመና "አክስቴ፣ ዓይኑን አንቺ ሣዪልኝ" አለ። እስክሪብቶውን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ፤ ከዚያ መልሼ ሰጠሁት። ሣለው። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆነ። ጊዮርጊስ እንደ ወንድሜ ጊዮርጊስ ይጠቅሳል።

ሥዕሉን ለእማማ ልንወስድላቸው ነው። አዲሱ ቤታቸው ግድግዳ ቀለም የተቀባ ስለሆነ ሙጫ አይፈቅዱም ይሆናል፤ ፍሪጅ ላይ ይለጥፉታል። ዓይኑን ማን ሣለው ብለው ሲጠይቁ ግን መልሱ አለን።

ቸር ሰንብቱ!